ፊርማ የሌለው ደብዳቤና የበርሚንግሃም መምህራን



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የተፈጸመው በሩቅ አገር፣ በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ከተማ ነው። “የራሳችን ነገር ሳያልቅ የሰው አገር ነገር ምን ያደርግልናል?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ፤ መምህሮቻችንም ዛሬ በዚያው ሥራ ላይ ናቸው። አንድ መምህር በሃይማኖቱ ምክንያት በተጠረጠረ ጊዜ እንዴት ይመርመር? አንድ ተማሪስ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሌላ ሰው እምነት በግድ ሲጫንበት ማን ይድረስለት? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የአገር ድንበር አያግዳቸውም። የበርሚንግሃምም ታሪክ የሚያስተምረን አንዱን ጥያቄ ለመመለስ ሲል ሌላውን የረገጠ መንግሥት በመጨረሻ ሁለቱንም ሳይመልስ እንደሚቀር ነው።

አቋማችንን ገና ከመጀመሪያው እንግለጥ። ማንም ሰው ባለቤቱ ባልታወቀ ወረቀት አይከሰስ፤ ማንም ሰው ባላየው ማስረጃ አይፈረድበት፤ የትምህርት ቤት ጥፋት በትምህርት ቤት ሕግ ይታይ እንጂ በሽብር ስም አይጠራ። ይህ ሥርዓት ሲፈርስ የሚጎዳው ተከሳሹ ብቻ አይደለም። እውነተኛ በደል ደርሶበት አቤት ያለውም ሰው ፍርድ አጥቶ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

በኖቬምበር 2013 መጨረሻ ለበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት መሪ ለሰር አልበርት ቦር አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው ፎቶ ኮፒ ነው። መጀመሪያውም መጨረሻውም የለም። የጻፈው ሰው ስም የለበትም፤ የላከውም ሰው ስሙን ደብቋል። ሲነበብ በበርሚንግሃም የሚኖር አንድ ሰው በብራድፎርድ ከተማ ለሚገኝ ባልንጀራው የሚሰጠው ምክር ይመስላል። ምክሩ አምስት ደረጃ አለው፦ የሙስሊም ልጆች የበዙበትን፣ ውጤቱም የደከመውን ትምህርት ቤት ምረጥ፤ የሚያግዙህን ወላጆች አሰባስብ፤ የራስህን ሰዎች በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ አስገባ፤ ከሠራተኞቹ መካከል ከውስጥ ሆኖ የሚያውክልህን ፈልግ፤ በመጨረሻም ስም የለሽ ደብዳቤና ሐሜት እየበተንክ ርእሰ መምህሩን ከቦታው አስነሣ። የዚህም ዘዴ ስሙ “የትሮይ ፈረስ” ነው ይላል፤ ግሪኮች ወታደሮቻቸውን በሆዱ ደብቀው ወደ ጠላት ከተማ ያስገቡት የእንጨት ፈረስ ማለት ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ያስብ። ስም የለሽ ደብዳቤ መበተንን የሴራ መሣሪያ አድርጎ የሚያስረዳው ይኸው ወረቀት ራሱ ስም የለሽ ደብዳቤ ነው! ከዚህም በላይ እንደ ቅርብ ጊዜ ድል አድርጎ ያወራው የአንዲት ርእሰ መምህርት ከሥራ መነሣት ብዙ ዓመታት አስቀድሞ የተፈጸመ ነበር። ደግሞም በዚያው ሰሞን የሠራተኞች ክርክር ስለ ነበረበት ስለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዝርዝር ያወራል። ይህ ሁሉ “ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ማን ይጠቀምበታል?” ብሎ ለመጠየቅ ከበቂ በላይ ነበር። ሆኖም ከተከተሉት ይፋ ምርመራዎች አንዱም የደብዳቤውን ጸሐፊ ፈልጎ ለሕዝብ አላሳወቀም። “ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር” የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለእንግሊዝ ባለሥልጣኖች አልደረሳቸውም።

በማርች 2014 ደብዳቤው አፈትልኮ በጋዜጦች ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው “ወረቀቱ እውነተኛ ነውን?” መሆኑ ቀርቶ “ሴራው ምን ያህል ተስፋፍቷል?” ሆነ። የከተማው ምክር ቤት ምርመራ ጀመረ፤ የትምህርት ሚኒስቴርም ሌላ ምርመራ ጀመረ፤ ኦፍስቴድ የተባለው የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎቹን በ21 ትምህርት ቤቶች አሠማራ። በጁን 9 ቀን 2014 ሪፖርቶቹ ሲወጡ ፓርክ ቪው፣ ጎልደን ሂሎክ፣ ናንሰን፣ ኦልድኖውና ሶልትሊ የተባሉት አምስት ትምህርት ቤቶች “ልዩ እርምጃ” ወደሚባለው የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ተጣሉ።

የፓርክ ቪው ነገር

ከነዚህ ውስጥ ስለ ፓርክ ቪው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ይህ ትምህርት ቤት የሚገኘው አለም ሮክ በሚባለው የድኾች ሠፈር ነው። ተማሪዎቹ ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ነበሩ፤ ከመቶው ከሰባ የሚበልጡት በድኽነታቸው ምክንያት ነፃ ምሳ የሚሰጣቸው ነበሩ። በ1990ዎቹ ዓመታት ከወደቁት ትምህርት ቤቶች መካከል የሚቈጠር ነበር። በ2012 ግን በብሔራዊው ፈተና ከአራት ተማሪዎቹ ሦስቱ ገደማ ጥሩ ውጤት ወደሚያገኙበት ደረጃ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ኦፍስቴድ “እጅግ የላቀ” የሚለውን ከፍተኛውን ደረጃ ሰጠው። ዋናው ተቆጣጣሪ ሰር ማይክል ዊልሾው ራሳቸው ጎብኝተው አመሰገኑት።

እንግዲህ በጃንዋሪ 2012 ከምርጦቹ አንዱ የተባለው ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ተባለ። ከሁለቱ ፍርዶች አንዱ ስሕተት መሆን አለበት። የመጀመሪያው ስሕተት ከሆነ ተቆጣጣሪው ያኔ ምን ይቈጣጠር ነበር? ሁለተኛው ስሕተት ከሆነ ደግሞ ተቆጣጣሪው የፈራው ማንን ነበር? ኦፍስቴድ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አልሰጠም።

በዚህ አነጋገራችን “ጥሩ ውጤት ያመጣ ትምህርት ቤት የፈለገውን ያድርግ” ማለታችን እንዳይመስል። ማርክ የመብት ምትክ አይደለም። አንዲት ልጅ በሒሳብ መቶ ከመቶ ብታገኝም በክፍል ውስጥ ከወንዶች ኋላ እንድትቀመጥ ከተገደደች ተበድላለች። ስለዚህ ወደ ክሶቹ ፍሬ ነገር እንግባ።

ምርመራዎቹ ምን አገኙ? ምንስ አላገኙም?

ከሁሉ የሚበልጠውን ጫጫታ ያስነሣው የሚስተር ፒተር ክላርክ ምርመራ ነው። የትምህርት ሚኒስትሩ ሚስተር ማይክል ጎቭ እኒህን ሰው የሾሟቸው በኤፕሪል 2014 ነው። ሚስተር ክላርክ የትምህርት ሰው አይደሉም፤ በሎንዶን የሜትሮፖሊታን ፖሊስ የፀረ ሽብር ክፍል አለቃ የነበሩ ናቸው። የዚያው አካባቢ የፖሊስ አዛዥ ሚስተር ክሪስ ሲምስ እንኳ ሹመቱን በይፋ ነቅፈውታል፤ ሕዝቡ ስለ ትምህርት ቤት የሚደረገውን ምርመራ በሽብር ዐይን እንዲያየው ያደርጋል ሲሉ። ፖሊሱ “ይህ የፖሊስ ነገር አይደለም” ሲል፣ የትምህርት ሚኒስትሩ “አይደለም፣ ነው” አለ። ይህን የመሰለ የተገለበጠ ነገር በየት አገር ታየ?

የሚስተር ክላርክ ሪፖርት በጁላይ 22 ቀን 2014 ወጣ። በጥቂት ትምህርት ቤቶች ውስጥ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሰዎች ጠባብና ሌላውን የማይታገሥ የሃይማኖት መንፈስ ለማስገባት በኅብረትና በዕቅድ ሠርተዋል ሲል ደመደመ። በዝርዝሩም ርእሳነ መምህራን መገፋታቸውን፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በአንዳንድ ክፍሎች ለየብቻ መቀመጣቸውን፣ የሙዚቃና የሥነ ተዋልዶ ትምህርት መጥበቡን፣ ዘመድና ወዳጅ እየተመረጠ መቀጠሩን ገለጠ። ከፓርክ ቪው መምህራን አንዳንዶቹ በስልክ በሚጻጻፉበት ማኅበር ውስጥ በሌሎች የእስልምና ወገኖችና በግብረ ሰዶማውያን ላይ የንቀት ቃል ይለዋወጡ እንደ ነበር አሳየ። ነገር ግን ይኸው ሪፖርት የሽብር ሥራ ወይም ልጆችን ለዓመፅ የመመልመል ማስረጃ እንዳላገኘ መሰከረ።

አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 18፣ ለከተማው ምክር ቤት የተሠራው የሚስተር ኢያን ከርሾ ሪፖርት ወጥቶ ነበር። እርሱም የቦርድ አባሎች ከሥልጣናቸው አልፈው መሥራታቸውንና የከተማው ምክር ቤት አቤቱታ እየሰማ ዝም ማለቱን ነቀፈ፤ ለዓመፅ የሚያዘጋጅ ሴራ ግን የለም አለ። በማርች 2015 ደግሞ የፓርላማው የትምህርት ኮሚቴ ሁሉንም ሪፖርቶች አንድ ላይ መርምሮ፣ ከአንድ ድርጊት በቀር የአክራሪነት ማስረጃ በየትኛውም ትምህርት ቤት እንዳልተገኘ፣ የተደራጀ ሴራም እንዳልታየ አስታወቀ። ምርመራዎቹ እርስ በርሳቸው መደራረባቸውንም ነቀፈ።

እነሆ፣ ከዚህ ሁለት እውነት ይወጣል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ግዴታችን ነው። የመጀመሪያው፦ “መንግሥትን ለመገልበጥ፣ ልጆችን ለሽብር ለማሠልጠን” ተብሎ በጋዜጣ የተነዛው ነገር በማስረጃ አልተደገፈም። ሁለተኛው፦ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች መምህራን ተገፍተዋል፣ ተማሪዎችም ያልመረጡት ጥብቅ ሥርዓት ተጭኖባቸዋል የሚል አቤቱታ ነበር፤ ይህም አቤቱታ ከባድና በሥርዓት መሰማት የሚገባው ነበር። የመጀመሪያውን እውነት ብቻ የያዘ ሰው የተበደለችውን መምህርት ይረሳል። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ የትምህርት ቤት ጥፋትን ከቦምብ ጋር ያዛምዳል።

አፈርሳታና በላ ልበልሃ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። ቤት አቃጣዩ ወይም ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ፈትቶ ይውላል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ንጹሑም በደለኛውም አብሮ ፀሐይ ይመታዋል። በበርሚንግሃም ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ይህን ይመስላል። የሠፈሩ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ሁሉ በጋዜጣ አደባባይ ተሰብስቦ “ከመካከላችሁ አክራሪው ማነው?” ተባለ። የእኛው አፈርሳታ ግን ቢያንስ በእርግጥ የተቃጠለ ቤት፣ በእርግጥ የጠፋ ከብት ነበረው። የእነርሱ የተጀመረው መጀመሪያና መጨረሻ በሌለው ፎቶ ኮፒ ነው።

ከአፈርሳታ ጋር ደግሞ በላ ልበልሃ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነበረን። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ ውርርድ ገብተው፣ ዋስ ጠርተው፣ በአደባባይ ይከራከራሉ። ከሳሹ ይታያል፤ ቃሉ ይሰማል፤ ተከሳሹ አፉን ሞልቶ ይመልሳል። ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ድኻው በአንደበተ ርቱዕ ባላጋራው ይረታ ነበር። ነገር ግን ማንም ፊቱን ሸፍኖ አይከስም ነበር። ዘመናዊ ፍርድ ቤት ካለው ከእንግሊዝ አገር ይህን ያህል መጠየቅ ብዙ ነውን?

የመምህራኑ ፍርድ

ከምርመራው በኋላ መምህራኑ ከሙያቸው ለዘለዓለም እንዲታገዱ በዲሲፕሊን ጉባዔ ፊት ቀረቡ። በፌብሩዋሪ 2016 ሁለት መምህራን ታገዱ። በኦክቶበር 2016 ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት እገዳውን ሠረዘው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የፓርክ ቪው ትምህርት ቤቶች አምስት መሪዎች ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ከ2015 ጀምሮ ሲሰማ፣ ሲቀጠር፣ ሲንጓተት ቆይቶ በሜይ 30 ቀን 2017 ጉባዔው ክሱን አቋረጠው። ምክንያቱም የከሳሹ ወገን ሰዎች ለክላርክ ምርመራ የሰጡትን ቃል በእጁ ይዞ ለተከሳሾቹ ሳያሳይ ቆይቷል። ጉባዔው ይህ የፍርድን ሥርዓት አለአግባብ መጠቀም ነው፣ ጥፋቱም የፍትሕንና የጨዋነትን ስሜት የሚነካ ነው ሲል ወሰነ።

ይህን ውሳኔ በትክክል እንረዳው። ጉባዔው “መምህራኑ ንጹሐን ናቸው” አላለም፤ “ጥፋተኞች ናቸው” አላለም። “ከሳሹ ማስረጃ ስለ ደበቀ ነገሩን ልንፈርድ አንችልም” አለ። መምህሩ ስሙ ጠፍቶ፣ ሥራውን አጥቶ፣ “ነፃ ነህ” የሚል ቃል ሳይሰማ ቀረ። “ተገፋሁ” ብላ ቃሏን የሰጠችው መምህርትም “እውነትሽን ነው” የሚል ፍርድ ሳታገኝ ቀረች። ተማሪውም በትምህርት ቤቱ ምን እንደ ተደረገ በፍርድ የጸና እውነት ሳያውቅ አደገ። ማስረጃ መደበቅ ለተበዳይ የሚጠቅም የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይመልከት። ፍርድ የተነፈገው ለሁሉም ነው።

በሰፈሩት ቁና

ለመሆኑ በእንግሊዝ አገር ሃይማኖት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተለይቷልን? አልተለየም። ከ1944 የትምህርት ሕግ ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ በየቀኑ የጸሎት ስብሰባ እንዲያደርግ ይታዘዛል። የ1988ቱ ሕግ ደግሞ ይህ ጸሎት በአብዛኛው የክርስትና መልክ ይኑረው ይላል፤ የሌላ እምነት ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ግን ፈቃድ ጠይቆ በሌላ መልክ ሊያደርገው ይችላል። በመንግሥት ገንዘብ ከሚተዳደሩት የአገሩ ትምህርት ቤቶች ሲሶው ገደማ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የሚበዙትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና የካቶሊኮች ናቸው። ፓርክ ቪው የሃይማኖት ትምህርት ቤት አልነበረም። ነገር ግን ለጸሎቱ ስብሰባ የእስልምና መልክ ለመስጠት ሕጉ የሚፈቅደውን ፈቃድ ጠይቆ አግኝቷል።

ክርክራችን እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት የጸሎት ቦታ መሆን የለበትም የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ለሁሉም እኩል ይበል፤ እኛም እንሰማዋለን። ነገር ግን ጸሎትን በሕግ ያዘዘ መንግሥት፣ አንዱ ሲጸልይ “ባህል” ብሎ ሌላው ሲጸልይ “ሴራ” ሊለው አይችልም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ልጆችን ማስገደድ፣ ሴቶችን ማሳነስ፣ የተለየ እምነት ያለውን መምህር መግፋት በፓርክ ቪው ክልክል ከሆነ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ክልክል ይሁን። ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ ያነሰው አድልዎ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ሌላም የተሸፈነ ነገር አለ። ፓርክ ቪው በ2012 “አካዳሚ” ሆኖ ነበር። አካዳሚ ማለት ከከተማው ምክር ቤት ቁጥጥር ወጥቶ በቀጥታ ለትምህርት ሚኒስቴር ተጠሪ የሚሆን ትምህርት ቤት ነው። ይህን ፖሊሲ በ2010 ሕግ ያስፋፉት ራሳቸው ሚስተር ጎቭ ናቸው። የፓርክ ቪው ማኅበርም ናንሰንንና ጎልደን ሂሎክን ተረክቦ እንዲያስተዳድር የተደረገው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ለቦርዱ ሰፊ ሥልጣን የሰጠው ሚኒስቴሩ፣ በቅርብ የሚያየውን የከተማውን ምክር ቤት ያስወገደው ሚኒስቴሩ፣ “ተጨማሪ ትምህርት ቤቶች ውሰድ” ያለው ሚኒስቴሩ ነው። ቦርዱ ከሥልጣኑ አልፎ ከሆነ በሩን የከፈተለት ማነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው። ፖሊሲውን መመርመር ስለሚያስፈራ ጥፋቱ ሁሉ በአንድ ሠፈር ሰዎች ሃይማኖት ላይ ተራገፈ።

ሚኒስትሮቹስ ምን ያደርጉ ነበር? በጁን 2014 ሚስተር ጎቭና የአገር ግዛት ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ “አንተ ዘገየህ፣ አንቺ ዘገየሽ” በሚል በጋዜጣ ይሰዳደቡ ነበር። ነገሩ ሚስተር ጎቭን ይቅርታ አስጠየቀ፤ የቴሬሳ ሜይንም አማካሪ ከሥራ አስለቀቀ። በመካከሉ የልጆቹን ትምህርት ያስታወሰ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የመጣው

ደብዳቤው ያስነሣው አቧራ ሳይወርድ ሕግ መውጣት ጀመረ። በኖቬምበር 2014 ትምህርት ቤቶች ሁሉ “መሠረታዊ የብሪታንያ እሴቶችን” እንዲያስፋፉ ታዘዙ፤ እነርሱም ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ የግል ነፃነት፣ የተለያየ እምነት ያላቸውን ማክበርና መታገሥ ናቸው። በሴፕቴምበር 2015 የፓርክ ቪው የቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት ሚስተር ታሂር አላም ከማናቸውም ትምህርት ቤት አስተዳደር ታገዱ። ከጁላይ 2015 ጀምሮ ደግሞ መምህራን ተማሪዎቻቸው ወደ አክራሪነት እንዳይሳቡ የመከላከል ግዴታ በሕግ ተጣለባቸው።

እሴቶቹን አንቃወምም፤ ማን ይቃወማቸዋል? ነገር ግን “የሕግ የበላይነትን አስተምር” ተብሎ የታዘዘው መምህር፣ ያዘዘው መንግሥት በ2017 በራሱ ጉባዔ ማስረጃ ሲደብቅ ተይዞ ሲወቀስ አየ። ልጆች የሚማሩት ከተለጠፈ ወረቀት ሳይሆን ከሚያዩት ሥራ ነው። ደግሞስ መምህር ተማሪውን በጥርጣሬ ዐይን እንዲጠብቅ ሲታዘዝ፣ ተማሪው ጥያቄውን ለማን ይጠይቅ? በክፍል ውስጥ ያልተነገረ የተሳሳተ ሐሳብ በክፍል ውስጥ አይታረምም። ከክፍል ውጭ፣ መምህር በሌለበት ቦታ ይበቅላል። መምህርን ጆሮ ጠቢ ማድረግ አክራሪነትን የሚያጠፋ ሳይሆን የሚደብቅ መድኃኒት ነው።

ለሁለት ወገን የምንሰጠው መልስ

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። በ2018 ጆን ሆልምውድና ቴሬዝ ኦቱል የተባሉ ሁለት ምሁራን መጽሐፍ ጽፈው፣ ትምህርት ቤቶቹ ያለ በቂ ማስረጃ ተበደሉ ብለው ተከራከሩ፤ ሆልምውድ በመምህራኑ ጉዳይ ለተከሳሾቹ ወገን በባለሙያነት የመሰከሩ ናቸው። በ2022 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ታይምስ ስም የተሠራጨ ተከታታይ የድምፅ ዝግጅት የደብዳቤውን ጸሐፊ ፍለጋ ተነሣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖሊሲ ኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት የሚስተር ጎቭ መቅድም ያለበት ሰነድ አውጥቶ፣ በትምህርት ቤቶቹ ውስጥ የተፈጸመው በደል እየተካደ ነው ሲል መለሰ።

አንደኛው ወገን “ደብዳቤው ሐሰት ቢሆንስ? በውስጡ ያለው እውነት መሆኑ ተረጋግጧል” ይለናል። መልሳችን፦ እውነት የሆነው ነገር በአቤቱታና በምስክር ይገለጥ ነበር፤ ከተማው ምክር ቤት ከዓመታት በፊት አቤቱታውን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ስም የለሽ ወረቀት ባላስፈለገ ነበር። ሐሰት መንገድ እውነትን ይዞ ቢመጣ እንኳ እውነቱን አቆሽሾት ይመጣል። የፍርዱ መክሸፍ የዚህ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ወገን “ደብዳቤው ሐሰት ስለሆነ ሁሉም ነገር የሙስሊም ጥላቻ ነው” ይለናል። መልሳችን፦ ጥላቻ እንደ ነበረ አንክድም፤ ጋዜጦቹን ያነበበ አይክድም። ነገር ግን የሐሰት ደብዳቤ መኖሩ የመምህርቷን አቤቱታ ሐሰት አያደርገውም። በስልክ የተጻፈውም የንቀት ቃል በእርግጥ የተጻፈ ነው። የተጠቃን ሕዝብ መውደድ ማለት በውስጡ ያሉትን ጉልበተኞች መሸፈን ማለት አይደለም። እንዲያውም ጉልበተኛው ሁልጊዜ የሚሸሸገው ከሕዝቡ ጀርባ ነው።

የምንጠይቀው

እንግዲህ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም እምነት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክስ ሲነሣ፣ ተማሪዎችና መምህራን አራት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ከሳሹ ማነው? ስሙን መግለጥ የሚያሰጋው ተበዳይ በዳኛ ዘንድ ይጠበቅ፤ ዳኛውም እንኳ የማያውቀው ከሳሽ ግን ከሳሽ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ክሱ ምንድር ነው? የአስተዳደር ጥፋት ነው? የተማሪ መብት መጣስ ነው? ወይስ ወንጀል? ሦስቱ ሦስት መንገድ አላቸው። “አክራሪነት” የሚል አንድ ትልቅ ጆንያ ውስጥ ሁሉን መክተት ምንንም አለመመርመር ነው።

ሦስተኛ፤ ማስረጃው የት አለ? ተከሳሹስ አይቶታልን?

አራተኛ፤ ይኸው ሕግ በብዙኃኑ እምነት ላይም ይሠራልን?

እነዚህን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ለአክራሪ መራራት አይደለም። አክራሪን በእርግጥ ይዞ በእርግጥ የሚቀጣው እነዚህን ጥያቄዎች መልሶ የመጣ ፍርድ ብቻ ነው። እንግሊዝ ትልቅ አገር ነው፤ ገንዘብ አለው፤ ፍርድ ቤት አለው፤ ነፃ ጋዜጣ አለው። ይህን ሁሉ ይዞ፣ ጸሐፊው ባልታወቀ ወረቀት ተመርቶ፣ በዓመታት ድካም መጨረሻ ባዶ እጁን ቀረ። ከዚህ ያነሰ ሀብትና የደከመ ሥርዓት ያላቸው አገሮች ምን ያህል የበለጠ መጠንቀቅ እንደሚገባቸው አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ፊርማ የሌለው ወረቀት በማንኛውም መምህር ላይ በማንኛውም ቀን ሊጻፍ ይችላል። ዛሬ በሙስሊሙ ላይ፣ ነገ በክርስቲያኑ፣ ከነገ ወዲያ ምንም በማያምነው ላይ። ያን ቀን ስለ እኛ “ማስረጃው የት አለ?” ብሎ የሚጠይቅ እንድናገኝ፣ ዛሬ ስለማናውቃቸው የበርሚንግሃም መምህራንና ስለማናውቃቸው የበርሚንግሃም ተማሪዎች እንጠይቅ።